የሰልፍ ደቦ

ሰኞ

ፈረምሁ። ቃለ ጉባኤው እኔ ዘንድ የደረሰው ስምንቱ ከፈረሙ በኋላ ነው፤ የቀረው ባዶ መስመር የእኔ ብቻ ነበር። ከላይ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቀድሞ ተጽፏል።

ውሳኔው እንዲህ ነው፦ ከነገ ጀምሮ ድንች ከተቆረጠለት ዋጋ በላይ አይሸጥም። አስወድዶ የሸጠ ይቀጣል። ሳይሸጥ አከማችቶ የተገኘም ይቀጣል። የዋጋ አረጋጊ ኮሚቴ ነን፣ እኔ የመምህራን ተወካይ ነኝ። ተወካይ የሆንሁትም ርእሰ መምህሩ «አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የምታስተምር፣ መምህራን ማረፊያ ከምትጮህ እዚያ ሂድና ተናገር» ብሎ ስለላከኝ ነው።

ተናግሬም ነበር፣ ይህን ለራሴ ልጻፍለት። «ዋጋ ማለት ወሬ ነው፤ ድንች የት እንደጠፋ፣ ማን አጥብቆ እንደሚፈልገው የሚናገር ወሬ። ወሬውን ብናፍነው ድንቹ አይበዛም። ገበሬው ካላዋጣው ይዞት አይመጣም» አልሁ። ሰብሳቢያችን ፈንታሁን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ሰው ነው። ሳቅ አለና «መምህር፣ ይሄ ክፍል አይደለም። ደሞዝተኛው ምን ይብላ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ደሞዝተኛ ነኝ። የሰኔ ጾም ሊገባ ነው፣ እኛም ቤት ድንች ከተበላ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

ታዲያ ለምን ፈረምሁ? ስብሰባው ረዝሞ ሁሉም ደክሞት ነበር። ስምንት ሰው እስክሪብቶዬን እያየ ነበር። የደረጃ እድገቴ ፋይልም እዚያው ሕንጻ ውስጥ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ከሦስቱ የትኛው እንዳስፈረመኝ አላውቅም። ተማሪዎቼ «ነፃ ገበያ» ብለው ያወጡልኝ ስም አለ፤ ዛሬ ለዚያ ስም አልበቃሁም።

ባለቤቴ ውባለም ውሳኔውን ስነግራት «ተመስገን፣ አንድ ቁም ነገር ሠራችሁ» አለችኝ። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ማክሰኞ

የዛሬው ትምህርት፣ ያው እንደ መዓት፣ የዋጋ ጣሪያ ነበር። ምዕራፉ እንዲህ አደረሰን እንጂ እኔ አልመረጥሁትም። የፍላጎትና የአቅርቦትን ሁለት መስመሮች ሰሌዳው ላይ አሠመርሁ፣ ጣሪያውን አሠመርሁ፣ እጥረቱን በጠመኔ አቀለምሁት። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እርስዎ ኮሚቴው ውስጥ አሉበት ይባላል፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አለሁበት አልሁ። ሌላ አልጠየቀችም። ሰሌዳውን አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ እኅቴ ታንጉት ደወለች። ታላቄ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጋፋት ወዲያ ባለው መሬቷ ላይ የዘር ድንች ታመርታለች። የሚበላ አይደለም፣ ዘር ነው። የዘር ቤቷ ግድግዳው በርብራብ እንጨት ነው፤ ውስጡ እንደ ቆጥ ተደራርቧል፤ ብርሃን በየሽንቁሩ ይገባል። ድንቹ ብርሃን እያገኘ አረንጓዴ ይሆናል፣ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ ግን ነጭና ቀጭን አውጥቶ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ከጥር ጀምሮ ሰው ለምኗታል፣ ለወጥ ሽጪልን እያለ። አትሽጪ ያልኋት እኔ ነኝ። «ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲቃረብ የዘር ዋጋ ይነሣል፣ ያን ጊዜ ለሚዘራው ይድረስ። ታጋሽ ሁኚ» ብያት ነበር። መጽሐፍ ይዤ ነው የመከርኋት። ሰማችኝ። አሁን ሃያ ኩንታል ቆጧ ላይ አለ፣ የዓመት ልፋቷ ማለት ያ ነው፤ የምትተክለውም የምትሸጠውም ከሌላ አይመጣም።

«ይሄ የዋጋ ነገር እኔንም ይነካኝ ይሆን?» አለችኝ።

«እታለም፣ ያንቺ ዘር ነው። አይነካሽም» አልኋት።

ረቡዕ

ድንች የለም። ትናንት የነበረችው ትንሽ እንኳ የለችም። ጉልቱ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ተደርድሯል። ውባለም ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሰኞ ያመሰገነችን እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ። ድንቹ ተደብቋል ተባለ። አልተደበቀም፣ ዋጋ ወዳለበት ሄዷል፣ የቀረውም ገበሬው እጅ ነው አልሁ። እንግዲያው መውጫውን እንዝጋ አሉ። በአንበሳሜ በኩልም በገሳይ በኩልም ኬላ እንዲቆም ተወሰነ። ቀጥሎ ፍተሻ። እያንዳንዱ ውሳኔ የፊተኛውን ጉድፍ ሊጠርግ ይመጣል፣ የራሱን ጉድፍ ጥሎ ይሄዳል። ይህን አልተናገርሁም፣ እዚህ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «ፍተሻው ዘርንም ይጨምራል?»

«ዘር ምን ያህል ነው፣ የጓሮ ነው» አለ ፈንታሁን።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ሃያ ኩንታል ዘር ያላት እኅት አለችኝ ብል ለዘመዱ ተሟገተ ይሉኛል፣ ቤቷንም አሳያቸዋለሁ። ዝም ብል ደግሞ ራሳቸው ያገኙታል። ዝም አልሁ። የዝምታዬ ምክንያት ከሰኞው ፊርማዬ ይሻላል ብዬ ራሴን ለማታለል እየሞከርሁ ነው፣ አልሆነም።

ሐሙስ

አገኙት።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እያለሁ የፈንታሁን መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። «ትልቅ ድብቅ መጋዘን ተይዟል» ይላል፣ ከሥሩ ፎቶ አለ። ርብራቡን ወዲያው ለየሁት። ጥር ላይ ሁለቱን እንጨት የመታሁት እኔ ነኝ።

ታንጉት ደወለች። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ወረቀት አሳዩኝ፣ አያል። ከታች ስምህ አለበት።»

«አለበት።»

«እሺ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ክፍሉን ለሌላ መምህር አደራ ሰጥቼ መንገዱ እስከሚያበቃ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድሁ። በሩ በወረቀት ታሽጓል። ሌባ እንዳይሰርቀው ብለው ርብራቡን ዙሪያውን በሸራ ሸፍነውታል። ብርሃን አጣ ማለት ነው፣ ሙቀቱም ታፈነ። እጄን በሸራው ሥር ሰድጄ ነበር፣ ከውስጥ የሚወጣው አየር ይሞቃል። ጠባቂው «መምህር፣ አይነካም ተብሏል» አለኝ በለሰለሰ ቃል። ታንጉት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አጠገቧ ሄጄ መቀመጥ አቃተኝ፣ እንደ ቆምሁ ተመለስሁ።

ፈንታሁንን ቢሮው አገኘሁት። ዘር ነው አልሁት። «አረንጓዴ ሆኗል እኮ፣ አያሌው» አለኝ። «ጎንቁሏል። ስንት ወር ቢደበቅ ነው እንዲህ የሆነው? ከዚህ በላይ ማስረጃ የት ይገኛል?» የአርሶ አደር ልጅ ነው፣ ግን ያደገበት አገር ድንች አያውቅም፣ ስንዴና ገብስ ነው። የዘርነቱን ምልክት የወንጀል ምልክት አድርጎ ያዘው። የግብርና ባለሙያው ይምጣና ይመልከትልን አልሁት። ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ የሚመለሰው ሰኞ ነው።

ስወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኅትህ መሆኗን ሰምቻለሁ። ዝም ብትል ይሻልሃል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ በየቀኑ ይደወልለታል፣ የተያዘ ነገር አምጣ እየተባለ። እሱም እንደኔ ተጠፍሯል። ግን የእሱ መጠፈር የእኅቴን ዘር ያበሰብሳል።

ዓርብ

ጠዋት ስብሰባ። የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የተያዘው ድንች ነገ ቅዳሜ በሸማቾች ሱቅ በተቆረጠው ዋጋ ይሸጣል፣ በመታወቂያ አሥር አሥር ኪሎ፣ ገንዘቡ ለባለንብረቷ ይሰጣል። እነሱ ከማለታቸው በፊት «ታንጉት እኅቴ ናት» አልሁ። «እኅቴ ባትሆንም የምለው ያው ነው። አረንጓዴ ድንች ይመራል፣ ሆድ ያማል። ለምግብ አይሆንም። ለዘር ደግሞ የታወቀ ገዢ አለው፤ በፈቃዱ የሚገዛ፣ በፈቃዷ የምትሸጥለት።» አንዱ «ልጣጩ ይላጣል» አለ። ድምፅ ተሰጠ፣ ይሸጥ ተባለ፤ እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ። ተቃወምሁ ማለት አቅቶኝ ተአቅቦ። ቃሉ ራሱ አፌ ላይ እንደ አሸዋ ነው።

ሱቁ ጓሮ ሳልፍ ድንቹ ከነጆንያው ወርዷል። አራት የቀን ሠራተኞች ቡቃያውን በጣታቸው እየሰበሩ ይጥላሉ፣ ሰው እንዳይጠየፈው ነው አሉኝ። መሬቱ ላይ የተከመረው ቡቃያ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። አላስችል ስላለኝ ቶሎ አለፍሁ።

ታንጉት ዘንድ ሄድሁ። ዛሬ አጠገቧ ተቀመጥሁ። የተወሰነውን ነገርኋት። ሰምታ ጠየቀችኝ።

«ለማን ነው የሚሸጠው?»

«መታወቂያ ላለው ሁሉ።»

«ለኔስ?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ አላሰበውም። «ላንቺም» አልኋት።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። የሰንበቴ ማኅበሯ ሰዎች ዘንድ፣ ከዚያም ቤት ለቤት ሄደች፣ እኔም ከኋላዋ። የምትለው ያው አንድ ነገር ነበር፦ «ነገ ደቦ አለኝ። ለአረም ጠርቻችሁ መጥታችኋል፣ ለአጨዳ ጠርቻችሁ መጥታችኋል። የነገው ለሰልፍ ነው። ማጭድ አትያዙ፣ መታወቂያ ያዙ።» አንዳንዱ ሳቀ። እምቢ ያለ ግን አላየሁም። ገንዘብ ላጠረው ከሰንበቴው ሣጥን ይሰጣል፣ ታንጉት የሽያጩን ገንዘብ ስትቀበል ለሁሉም ትመልሳለች ተባለ። የአብነት መምህሩን የኔታ ጥበቡን ስንጠይቃቸው ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስቀጸሉ ነበር። «ደቦ ለእርሻ ብቻ ነው ያለው ማነው?» አሉና ወደ ልጆቹ ተመለሱ።

ቅዳሜ

ጎኅ ሲቀድ ሰልፉ ከሱቁ በር እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ሰማንያ ያህሉ የታንጉት ደቦ ነው። እኔና ውባለምም መታወቂያችንን ይዘን ተሰልፈናል። ኮሚቴው የሸጠውን ለመግዛት የተሰለፈ የኮሚቴ አባል። ሰኞ የፈረምሁበት ዋጋ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ቆሜ ሳነበው ቆየሁ። የኔታ ከፊታችን ናቸው፣ መታወቂያቸውን ዳዊታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

የቀረው ሰልፈኛ የከተማው ሰው ነው። ታንጉት በሰልፉ ጎን ጎን እየሄደች ለሴቶቹ ትናገራለች። «ይሄ ዘር ነው፣ አይበላም፣ ይመራችኋል። ተራሽን ብትሰጪኝ ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ። መስከረም ላይ አምስት ኪሎ የሚበላ ድንች ከኔ ትወስጃለሽ።»

«ምን ዋስትና አለኝ?» አለች አንዷ።

«ታንጉት ማን ናት ብለሽ የኔታን ጠይቂያቸው።»

የኔታ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ «ትሰጥሻለች» አሉ።

ሴትየዋ አሰብ አድርጋ «ስድስት አድርጊው» አለች። ስድስት ሆነ። ወሬው ወደ ኋላ ሄደ፤ የሚቀጥለዋ ሰባት አለች። ረፋድ ላይ ስምንት ደርሶ እዚያ ቆመ። ከስምንት በላይ ታንጉት እምቢ አለች፣ ከስምንት በታች ሴቶቹ እምቢ አሉ። እኔ ሃያ ዓመት በጠመኔ ስሥለው የኖርሁት ነገር ዐይኔ እያየ አስፋልት ላይ ተሠራ፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልፈረመበትም። ደስ አለኝ። በዚህ ሁሉ መሐል ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ያኔ ፈንታሁን መጣ። «ተራ የሚነግዱ አሉ ተብሏል። ስታገኛቸው ስማቸውን መዝግብልኝ» ብሎ ደብተር ሰጠኝ። ደብተሩን ይዤ ከሰልፉ ሳልወጣ ዋልሁ። አንድ ስም አልጻፍሁበትም። መጨረሻ ላይ ባዶውን መለስሁለት። ገለጥ ገለጥ አደረገው፣ አየኝ፣ ብብቱ ውስጥ አስገብቶ ሄደ።

ከሃያው አሥራ ሁለት ኩንታል ተመለሰ። ስምንቱ ወደየቤቱ ገባ። የተመለሰውን ድንች ሰዉ በሸክም፣ በአህያ፣ በባጃጅ ወደ ዘር ቤቷ አጓጓዘው። ሸራው ተገፎ ነበር። ታንጉት አንዱን ድንች አንሥታ የተሰበረውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «እንደገና ያወጣል። ግን ይደክማል» አለች።

ሰዎቹ ጠላ እየጠጡ ሳለ ጠየቀችኝ።

«ለምን ፈረምህ?»

«አፍሬ።»

«ማንን?»

«ስምንቱን ሰዎች።»

«እኔንስ?»

ጠላዬን ይዤ ተቀመጥሁ፣ እሷም ሰው ልታስተናግድ ሄደች።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ዘነበ። የመጀመሪያው ነው፣ ረጅም፣ መሬት የሚያርስ። ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ አየው።

ቀትር ላይ ፈንታሁን ደወለ። «እኛም ቤት ከዚያ ድንች ገብቶ ነበር» አለኝ።

«እና?»

«ባለቤቴ ድስቱን ደፋችው። መራራ ነው።» ቆየት ብሎ «ዘር ነው ብለህ ነበር» አለ።

«ብዬ ነበር።»

ልጆቹ እንዳልበሉት ጠየቅሁት፤ ቀምሰው ተፉት አለኝ። እሺ፣ እሺ ተባብለን ዘጋን። ነገር የሚለወጥ መስሎኝ እስከ ማታ ልቤ ቀለል ብሎኝ ዋለ። ሞኝ ነኝ።

ሰኞ

ሪፖርቱ ቀረበ፦ «ኅብረተሰቡ በነቂስ ወጥቶ ተጠቃሚ ሆኗል፤ የሰልፉ ርዝመት የሥራውን ስኬት ያሳያል።» የሰልፉ ርዝመት! ግማሽ ያህሉ ደቦ ነው፣ የታንጉትን ድንች ለታንጉት ሊመልስ የመጣ። እነሱ ግን ፎቶ አንሥተውታል፣ ወደ ላይም ልከውታል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ይቀጥላል። በገሳይ አቅጣጫ ሦስት «ድብቅ መጋዘኖች» ከነፎቶአቸው ተጠቁመዋል፤ ነገ ጠዋት ይታሸጋሉ።

የግብርና ባለሙያው ከመስክ ተመልሶ ነበርና ተጠራ። ፎቶዎቹን አየና «ዘር ነው፣ ሦስቱም» አለ። ፈንታሁን ወለሉን እያየ «ሪፖርቱ ሄዷል» አለ። ትናንት ድስቱ የተደፋበት ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አዘንሁለት። አዝኜም ተናደድሁበት።

ቃለ ጉባኤው ዞረ፤ እንደ ልማዱ መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ደረሰ። ስምንት ፊርማ፣ አንድ ባዶ መስመር፣ ከላይ «በሙሉ ድምፅ»። ታንጉት «እኔንስ?» ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። በባዶው መስመር ላይ «አልስማማም። የሚታሸገው ዘር ነው። ለሚዘራው ይተውለት» ብዬ ጻፍሁ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሜን።

ጸሐፊው አንብቦ «ይሄማ በሙሉ ድምፅ አይደለም» አለ። የልዩነት ሐሳብ ያለበት ውሳኔ ወደ ላይ ተልኮ መጽደቅ አለበት አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩንም አላውቅም ነበር። እስከ ረቡዕ ይቆያል ተባለ። አንዱ አባል በቀስታ «የእድገት ፋይልህም ይቆያል» አለኝ። ይቆይ። ዝውውር ቢመጣም ይምጣ ማለት ግን አልችልም፣ እፈራለሁ፤ ቤት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ።

ከበሩ እንደወጣሁ ለታንጉት ደወልሁ። የኮሚቴ ምስጢር ማውጣት ነው፤ ያው አወጣሁት። ለሦስቱ ባለዘሮች እስከ ረቡዕ ጊዜ እንዳላቸው ንገሪ አልኋት። ታውቃቸዋለች፣ ሥራቸው አንድ ነው።

«ዝናቡ ጥሏል» አለች። «ሁለት ቀን ይበቃል። ዛሬውኑ ይጀምራሉ። መሬት የገባውን ማን ያሽገዋል?» ከኋላዋ የሰው ድምፅና የበሬ ድምፅ ይሰማኛል። የእሷም ትልም እየወጣ ነው።

ለምን ጊዜ እንዳገኙ አልጠየቀችኝም። እኔው ነገርኋት፦ «አልፈረምሁም፣ እታለም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ነገ ከሰዓት ክፍል አለህ?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ደቦ ነው። መታወቂያህን ተወውና ዶማ ይዘህ ና።»